ከሄራ ደጅ የወረደው ክር

የወይራ ለቀማ ወር፣ ጨረቃ በተወለደች ማግስት

ዛሬም አልወረዱም። አንታጎራስና ስድስት ጓደኞቹ ኮረብታው ላይ የሴት አምላካችንን የሄራን ምስል እግር አቅፈው እንደተቀመጡ ናቸው። በቀደም የእህል ጎተራውንና የወደቡን በር እንይዛለን ብለው ተነሡ፣ አልቀናቸውም፣ ሮጠው እሷ እግር ሥር ወደቁ። እዚያ የወደቀን ሰው ማንም አይነካውም። ይህን ሕፃን ልጅ ሳይቀር ያውቀዋል። የአርጌና ገዢም ያውቀዋል፤ ግን በተናደደ ቀን የሚያውቀውን ይረሳል። የአርጌና ገዢ ባሌ ነው።

ማታ እግሩን በሙቅ ውሃ እያሸሁለት፣ “ቲማንድሮስ፣ ባሕሩ ለክረምት ሳይዘጋ አንድ መርከብ ስጣቸውና ይሂዱልህ” አልኩት።

“ደግሞ ምን አለምሽ?”

“አላለምኩም። አሰብኩ እንጂ።”

“ማሰቡን ለእኔ ተዪልኝ። የገዢ ሚስት ታልማለች እንጂ መቼ ታስባለች!”

ሳቀ። ሲስቅ ሆዱ ይንቀጠቀጣል፣ ገበቴው ይናወጣል፣ ውሃው ጭኔ ላይ ይፈሳል። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ይሄ ነው ችግሬ። በዚህ ሰው ፊት ተኮሳትሬ መቆየት አልችልበትም።

አባቴ በትውልድ ደሴቴ በናክሶስ መርከብ ሲያስጭን ለጸሐፊ መክፈል ስለሚቆጨው እኔን ጽሕፈት አስተማረኝ። ስጽፍ ሲያየኝ ቲማንድሮስ የዘይት ማሰሮ የምቆጥር ይመስለዋል። ይምሰለው።

ሦስተኛው ቀን

ፎርሚዮን ገና ሳይነጋ መጣ። የዘበኞቹ አለቃ ነው። የሴቶቹ ክፍል ከአዳራሹ በላይ ነው፤ ወለሉ ሳንቃ ስለሆነ የታች ወሬ ሁሉ ወደ እኛ ይወጣል።

“በሩን በድንጋይ እንድፈነው፣ ጌታዬ። ረሃብ ራሱ ያወርዳቸዋል።”

“ሄራ ቤት ውስጥ ሬሳ? አብደሃል እንዴ?”

“እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ። ብቻ ገበያው የሚለውን ልንገርዎት። ፈራ እያለ ነው።”

ያቺን ቃል ከየት አመጣት! የባሌ ሕመም እግሩ ላይ አይደለም፣ እዚያች ቃል ላይ ነው። ፈራ ካሉት እሳት ውስጥም ይገባል።

ቸኩያለሁ። የተለቀመው ወይራ ግቢውን ሞልቶታል፣ ሠራተኞቹ ቁርስ አልበሉም።

ስድስተኛው ቀን

ሰማኝ! በሃያ ዓመት ትዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኝ መሰለኝ።

ሰባቱ ለፍርድ ሊወርዱ ነው። የክር አንድ ጫፍ የሄራ እጅ ላይ ይታሰራል፣ ሌላውን ጫፍ እነሱ ይዘው ቁልቁል እስከ አደባባይ ይመጣሉ። ክሩን እስከያዙ ድረስ እግሯን እንደያዙ ይቆጠራል፣ ማንም እጁን አያነሣባቸውም። ሽማግሌዎች ፈርደው ከአገር ይሰዷቸዋል። ቲማንድሮስ በሕዝብ ፊት ምሏል።

“ክሩን አንቺ ፍተዪው” አለኝ፣ በለስ እያጎረሰኝ። “ከገዢው ቤት የወጣ ክር ከሆነ ያምኑኛል።”

አንገቱን አቅፌ ሳምኩት። በሠርጋችን ቀን ችቦ ይዞ ከሠረገላችን ፊት የሄደው አንታጎራስ ነበር። ያን ጊዜ ሁለቱ ከአንድ ሳህን ነበር የሚበሉት። ይህን ሳስታውሰው ቲማንድሮስ ዓይኑን ወደ በለሱ መለሰ። የሚጣፍጥ በለስ ነው።

ዘጠነኛው ቀን

ጣቶቼ ተላጡ። ኮረብታው ሩቅ ነው፣ ክሩ ብዙ ጠጉር ይፈልጋል። ከበጎቻችን ትከሻ የተሸለተውን መርጬ ሦስት ፈትል አንድ ላይ አክርሬዋለሁ። ትራታ እንዝርቷን ጥላ ስትስቅብኝ ዋለች። ከልጅነቴ ጀምራ ያሳደገችኝ ባሪያችን ናት፣ ከናክሶስ አብራኝ መጣች፣ ምላሷን ያህል ነፃ የሆነ ሰው በቤቱ የለም።

“እመቤቴ፣ ይሄ ክር ነው ወይስ መልሕቅ ሊጎትቱበት ነው?”

“መልሕቅ ነው ብለሽ ያዢው።”

“ባልዎ ቢያየው ገመድ ፈተልሽ ብሎ ይስቃል።”

“ይሳቅ። ስቆ ይተወው።”

ከቀትር በኋላ ሜሊታ መጣች። የአንታጎራስ ሚስት ናት። በጓሮ በር ገብታ አንድ እጇን ጉልበቴ ላይ፣ አንድ እጇን አገጬ ላይ አደረገች። እንዲህ የለመነን ሰው ባዶውን መመለስ አይቻልም።

“ሊሲላ፣ ክሩን የምትፈትዪው አንቺ ነሽ አሉኝ።”

“እኔ ነኝ።”

“እሱ ለመውረድ እሺ ያለው በዚያ ነው። ሊሲላ ከፈተለችው እወርዳለሁ ብሎ ላከብኝ። ንገሪኝ፣ ይወረድበታል?”

ክሩን ሰጥቻት፣ “ሳቢው” አልኳት። በሁለት እጇ ሳበችው፣ እግሯን አስደግፋ ሳበችው፣ መዳፏ ቀላ። ከእጄ የወጣ ክር አይበጠስም አልኳት። እያለቀሰች ሄደች፣ ግን ቀለል ብሏት ነበር።

አሥራ አንደኛው ቀን

ፎርሚዮን ታች ነበር። የሰማሁትን እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ።

“ክር እኮ ክር ነው፣ ጌታዬ። መንገዱ ሩቅ ነው። ቢበጠስ ማን ይፈረድበታል?”

ቲማንድሮስ ምንም አላለም። ወይኑን ሲያስቀምጥ ሰማሁት።

ደክሞት ነው። ቀኑን ሙሉ ችሎት ላይ ዋለ፣ እግሩ አብጧል። የደከመ ሰው ለእያንዳንዱ ቀላዋጭ አይመልስም።

አሥራ ሁለተኛው ቀን

ፀጉሩን ሳበጥርለት ፊት ለፊት ተናገርኩት። “ፎርሚዮንን ከዚያ መንገድ አርቀው። ክሩ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ደሙ የሚመጣው ወደ ፎርሚዮን ደጅ አይደለም፣ ወደ እኛ ነው።”

“አንቺ የፈተልሽው እንዴት ይበጠሳል?”

“እኔም እሱን ነው የምልህ።”

“እህ፣ ሊሲላዬ፣ አንቺ ሠራዊት ብትመሪ ኖሮ እስካሁን መርከብ ላይ ነበርን፣ ጀርባችንን ሰጥተን።” ጉንጬን መታ መታ አደረገና ወጣ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

ማበጠሪያው ላይ ሽበቱ ቀርቷል። ድሮ ጥቁር ነበር።

አሥራ ሦስተኛው ቀን

አንድ ነገር መጣልኝ። ባሌ ሐሳቤን አይሰማም፣ ሕልም ግን ይሰማል። ባለፈው ዓመት የመጋቢዋ ልጅ ስለ አይጥ አለመች ተብሎ ጎተራው በሙሉ ተገልብጦ ተጠርጓል።

እንግዲያው ላልምለት።

አሥራ አራተኛው ቀን

ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ ነገርኩት። ትንሽ ተንቀጠቀጥኩ፤ የእውነት ስለፈራሁ ማስመሰሉ አልከበደኝም። ነጭ ላም፣ የሄራ ላም፣ በቀጭን ክር ታስራ ከኮረብታው ትወርዳለች። ክሩ ይበጠሳል። ላሟ ትታረዳለች። ደሙ መንገድ ለመንገድ ወርዶ ወደ ቤታችን ይገባና ምድጃችንን ያጠፋዋል።

ቲማንድሮስ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። አልሳቀም። እጄን ይዞ፣ “ምድጃችንን?” አለኝ። ፊቱ አመድ መሰለ።

ተሳካልኝ ብዬ ልቤ ዘለለ። አሳዘነኝም። እንዲህ በቀላሉ የሚፈራ ሰው መሆኑን ከእኔ ሌላ ማንም አያውቅም።

ማታ



ሕልሙን ለሕልም ፈቺው ወሰደው። መውሰዱን እንዴት አላሰብኩትም! በዚህ ደሴት ላይ ሳይፈታ የሚያድር ሕልም አለ? ሕልም ፈቺው ደግሞ የፎርሚዮን የእህት ባል ነው።

ቲማንድሮስ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ፣ በዚያ እግሩ። አቅፎ አነሣኝ።

“ልቤን አሳረፍሽው! ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ ነበር እኮ፣ ልተወው ልተወው እያልኩ። ላሚቱ የሄራ የራሷ ከብት ናት አለኝ። ከብቷን የምትለቅ ባለቤቷ ናት። ክሩ ከተበጠሰ እሷ በጠሰችው ማለት ነው። የጠፋው ምድጃም የእኛ አይደለም፣ የእነሱ ነው።”

ልተወው ልተወው ሲል ነበር። ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ።

አሥራ አምስተኛው ቀን

“ውሸት ነው” አልኩት። “ምንም አላለምኩም። እንድትሰማኝ ብዬ የቀጠፍኩት ነው።”

ትክ ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። “አላለምኩም ትዪ የነበርሽው አሁን ደግሞ ዋሸሁ ብለሽ መጣሽ?”

“በእናቴ አጥንት።”

“ሳታልሚ እንዲህ ያለ ነገር ከየት ታመጪዋለሽ፣ የኔ ሞኝ? አማልክት ናቸው አፍሽ ላይ ያደረጉት። አስፈርቶሻል፣ አይዞሽ።” ካባውን አውልቆ እግሬ ላይ ጣል አደረገው። በረዶ ሆኖ ነበር እግሬ።

ቢጮህብኝ ይሻል ነበር። ይህን ያህል ወዶኝ ይህን ያህል የማይሰማኝ ሰው ምን አደርገዋለሁ?

ጨረቃ በሞላች ማግስት

ዛሬ ነው። ክሩን ጠዋት ወሰዱት።

ነፋስ የለም። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ይህን የጻፍኩት ኋላ ነፋስ ነው እንዳይሉ ነው።

ከመስኮቱ ኮረብታው ይታያል። መውረድ ጀምረዋል። ክሩ ከዚህ አይታይም።

አሁን ጉብታው ሸፈናቸው።

ጩኸት።

በማግስቱ

ትናንት ቲማንድሮስን በር ላይ ተቀበልኩት። “ተበጠሰ፣ ሊሲላ” አለኝ። “ለቀቀቻቸው።” ሰባቱም እዚያው መንገድ ላይ በዘበኞቹ ሰይፍ ወደቁ። እራት አልበላም። እጁን ታጠበ፣ አደረቀ፣ ተመልሶ ታጠበ። ሲተኛ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ጀርባውን እስኪተኛ አሸሁለት።

ፎርሚዮን በገበያው ነፋስ በጠሰው እያለ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ

ሜሊታ መጣች። ፀጉሯን ተላጭታለች። በዋናው በር ነው የገባችው፣ ዘበኞቹ ሊነኳት ፈሩ። አሁን ትረግመኛለች ብዬ ቆሜ ጠበቅኋት።

“ሬሳውን ሳጥብ ጡጫው አልከፈት አለኝ” አለች። “ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅሁት።” መዳፌን ገልብጣ አንድ ስንዝር የምትሆን ክር አስቀመጠችበት። “አንቺ መጥፎ ክር አልፈተልሽም። ይህን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።”

ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን። ምን ዓይነት ሴት ናት!

የተበጠሰ የበግ ጠጉር ጫፉ ይንጨባረራል፣ አንዱ ይረዝማል አንዱ ያጥራል። የዚህኛው ጫፍ እንደ ጥፍር እኩል ነው። ሦስቱም ፈትል እኩል።

ቲማንድሮስ ተበጠሰ ይላል። ስለዚህ ተበጠሰ። ክሩን እንዝርቴ ካለበት ቅርጫት ሥር አስቀምጬዋለሁ።

የጨረቃ መጨረሻ

ትራታ ከምንጩ ባዶ እንስራ ይዛ ተመለሰች። ቀርባ ስታጎነብስ ሴቶቹ ሁሉ እንስራቸውን አንሥተው ሸሹ።

“አንዷ ብቻ አልሸሸችም” አለችኝ። “ለካ ደንቆሮ ናት።”

ልሳቅ ብዬ አልሆነልኝም። ፍየሎቹ ይጨነግፋሉ አሉ። መረቡ ባዶ ይወጣል አሉ። ዓሣ ሻጩ በራችን ሲደርስ መንገድ ይቀይራል። በገዢው ቤት ደም አለ የሚለው አሁን በሹክሹክታ አይደለም።

ቲማንድሮስ ያነሰ መሰለኝ። ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገባ። “ፈራ ይሉኛል ብዬ እኮ ነው” አለኝ ዛሬ፣ ከመሬት ተነሥቶ። ምኑን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

አዲስ ጨረቃ

ሽማግሌዎቹ መጡ። ደጃፉን አልተሻገሩም። ከኋላቸው ፎርሚዮን፣ ንጹሕ ካባ ለብሶ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ። ጥፋቱን ሁሉ በጌታው ላይ አላከከ፤ ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። ቲማንድሮስ ግን አልካደም፤ ጭንቅላቱን ብቻ ነቀነቀ።

ፍርዱ ይህ ነው። ከከተማው ወሰን ይውጣ። ማንም ቃል አይመልስለት፣ ማንም ውሃ አይስጠው፣ ማንም እሳት አያስጭረው። ከዛሬ ጀምሮ ከእሱ ጋር ከአንድ እሳት የበላ ደሙን ተካፈለ። ከዚያ አንዱ ገብቶ ምድጃችን ላይ ውሃ ደፋ። እንፋሎቱ እስከ ጣሪያ ወጣ።

ቆሜ አየሁት። በአፌ ያልኩት ነው፣ ከአልጋ ሳልወርድ፣ ፈጥሬ።

በማግስቱ

ትናንት ማታ ወጣ። ደም ያለበትን ሰው የሚያሳፍር መርከበኛ የለም፣ ባሕሩ ሁሉንም ያሰምጣል ብለው ይፈራሉ። በእግሩ ሄደ፣ ወደ ባዶው ራስ ምድር፣ ወደ ደሴቲቱ ጫፍ፤ እዚያ የፍየል ጠባቂዎች የተዉት የድንጋይ ጎጆ አለ። “አንቺ እዚህ ሁኚ፣ ይበርድሻል” አለኝ። ይህን ነው ያለኝ፣ ይበርድሻል።

ወንድሜ ዴክሲዮስ ዛሬ ከናክሶስ ደረሰ። ባሕሩ ሊዘጋ ሲል ወሬውን ሰምቶ በራሱ ጀልባ መጣ። ለጋ ልጅ እያለ ያዘልኩት ወንድሜ ሸብቷል።

“እህቴ፣ ተነሺ። ጥሎሽሽን ይመልሱልሻል። የእናታችን ክፍል እንደነበረ ነው፣ አልጋሽም አለ። እስካሁን ንጹሕ ነሽ፤ ከፍርዱ ወዲህ ከእሱ ጋር አልበላሽም።”

“አውቃለሁ።”

“አስጠንቅቀሽው ነበር አይደል? አገሩ ሁሉ ያወራል።”

“አስጠንቅቄው ነበር።”

“ታዲያ?”

“ታዲያማ አልሰማኝም። አሁን ደግሞ ይርበዋል።”

ዴክሲዮስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። “ከሄድሽ ተመልሰሽ እኔ ቤት አትገቢም፣ ሊሲላ። ልጆች አሉኝ።”

“ይገባኛል። ልጆችህን ሳምልኝ።” ጭንቅላቱን እንደ ድሮው ዳበስኩት። ዕቃዬን ልያዝ፣ ይመሻል።

ራስ ምድር

ከመውጣቴ በፊት ትራታን ነፃ አወጣኋት። “ከሽማግሌዎቹ ፊት በሄራ ስም ለቅቄሻለሁ” ስላት፣ “ነፃ ከሆንኩ እንግዲህ እንደፈለግሁ ልናገር፤ ሞኝ ነሽ” አለችኝና ተንሰቅስቃ አለቀሰች። አንቺ ያለችኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ዴክሲዮስ ናክሶስ ይወስዳታል።

በመጨረሻው መንደር አንዲት ሴት ደጅ ቆሜ፣ “እሳት ልጭር” አልኩ። አየችኝ። ማን እንደሆንኩም አውቃለች፣ ወዴት እንደምሄድም አውቃለች። እኔ ግን ገና ንጹሕ ነበርኩ፣ ሕጉ አይከለክላትም። ፍሙን በትንሽ ማሰሮ ሞልታ አመድ አለበሰችልኝ። ክዳኑ ማሰሪያ አልነበረውም። ከቅርጫቴ ያቺን ስንዝር ክር አወጣሁና ክዳኑን ከጆሮው ጋር አሰርኩባት። ሌላ ገመድ አልያዝኩም።

ቲማንድሮስ ጎጆው ውስጥ በጨለማ ተቀምጦ ነበር፣ እግሩን በካባው ጠቅልሎ። ሲያየኝ ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ሸሸ። “አትቅረቢኝ። ሊሲላ፣ አንቺ ንጹሕ ነሽ። ተመለሺ።”

 ጭራሮ ሰብስቤ አነደድኩ። የገብስ ቂጣ አሞቅሁ። ለሁለት ገመስኩት፣ ግማሹን እሱ እያየኝ ጎረስኩ። አለቀ። ከዚህ በኋላ ለእኔም እሳት የሚያስጭር ጎረቤት የለም። የያዝነው ይሄው ነው፣ ከጠፋ ጠፋ።

እሱ ግን ቂጣውን አልነካም። ማሰሮው ላይ አፍጥጧል። ክሯን አየ። 

“ሊሲላ፣ ክሩ...”

“አውቃለሁ” አልኩት። “ብላ።”

በላ። እያለቀሰ በላ፣ ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው። እየነጋ ነው፣ ከባሕር ነፋስ ይመጣል። እንጨት ልጨምር።